የእግረኛ መብራቱና የእኛ መግደርደር

ማስረዳት እወዳለሁ። ሰው መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ሲጠይቀኝ ሕንፃው መቼ እንደተሠራ ጨምሬ ካልነገርኩት የጎደለበት ይመስለኛል። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ይህን ጠባዬን አይቶ የሰባተኛ ክፍል ልጆችን ስለ መንግሥት አሠራር እንዳስተምር ቀጠረኝ። ሥራ የጀመርኩት በፈረንጆቹ 2020 ነው፤ በኮሮና ምክንያት ትምህርቱ በኢንተርኔት ሆኖ ተማሪ ሁሉ ካሜራውን አጥፍቶ ጥቁር ሳጥን በሆነበት ዓመት። በቀለም እርሳስ የሣልኳቸውን የመንግሥት ክንፎች ለጥቁር ሳጥኖች እያሳየሁ ከረምኩ። አንድ ቀን ከሳጥኖቹ አንዱ ማይኩን ከፍቶ "ሚስ፣ ካን ዊ ሊቭ ናው?" አለኝ። ለካ ክፍለ ጊዜው ካለቀ ቆይቷል።

ስለዚህ በዚያ ዓመት መከር ላይ እትዬ ስለ መንግሥት አንድ ጥያቄ ሲጠይቁኝ ምን ያህል እንደተደሰትኩ መገመት ቀላል ነው።

እትዬ የምላቸው የቤተ ክርስቲያናችን እናት ናቸው። ስድሳን ቢያልፉም አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ይሠራሉ፤ ከሚንከባከቧቸው "አረጋውያን" መካከል በዕድሜ የሚያንሷቸው አሉ። መኪና አይነዱም። ቤታቸውም ቤተ ክርስቲያናችንም ከሞርስ ሮድ ተገንጥሎ በሚሄድ አንድ ሰፊ መንገድ ግራ በኩል ነው፤ ከሥራ የሚመልሳቸው አውቶቡስ ደግሞ የሚያወርዳቸው በቀኙ ነው። መንገዱ ባለ አምስት ሌን ነው። የሠሩት ሰዎች ምንም የረሱት ነገር የለም፤ መታጠፊያ ሌን አለ፣ ትልልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ፣ ውሃ የሚፈስበት ቦይ አለ። እግር ያለው ሰው ብቻ ነው ትዝ ያላላቸው። እትዬ ከአውቶቡስ ወርደው ሣሩ ላይ ይቆማሉ፤ መኪኖቹ ጋብ ያሉ ሲመስላቸው በግማሽ ሩጫ መሐል ሌኑ ድረስ ይደርሳሉ፤ እዚያ ቆመው ሌላ ክፍተት ይጠብቃሉ።

በዚያ መከር መሐል ሌኑ ላይ ቆመው ሳለ የአንድ ቫን መስታወት የያዙትን ፌስታል መታው። እርሳቸው ምንም አልሆኑም፤ ብርቱካናቸው ግን አምስቱም ሌን ላይ ተበተነ። "አንድም ሰው ፍሬን አልያዘም" ብለው ነገሩኝ። "ብርቱካኑ እንኳ ከእኔ ፈጥኖ ተሻገረ።"

ዳላስ የምትኖረው ልጃቸው ይህን ስትሰማ ኮል አደረገች። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፤ ስልኩ በስፒከር ነበር።

"ማም፣ ዚስ ኢዝ ክሬዚ። ነይ እኔ ጋ። ሩምሽን አዘጋጅቻለሁ።"

"ሥራዬስ?"

"ማም፣ ዩ ዶንት ኒድ ቱ ወርክ!"

እትዬ ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄን እወዳታለሁ" አሉ። "ግን እዚያ ሄጄ ምን ልሁን? ጠዋት ሁሉም ወደ ሥራው ይሄዳል፣ እኔ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ የውሻውን ፊት ሳይ እውላለሁ። እዚህ ደመወዝ አለኝ፣ ቤተ ክርስቲያን አለኝ፣ የገዛ በሬን በገዛ ቁልፌ እከፍታለሁ።" ከዚያ ያን ጥያቄ ጠየቁኝ። "እስቲ መምህርት፣ መንግሥት እዚህ ቦታ አንዲት የእግረኛ መብራት ቢተክል ምን ይጎድልበታል?"

ለጥያቄው ሳምንት ሙሉ ተዘጋጀሁ። የከተማውን ድረ ገጽ ስበረብር ያልጠበቅኩትን አገኘሁ፤ እዚያው መንገድ ላይ፣ እዚያው ቦታ፣ የእግረኛ መንገድና ባለ መጫኛ ቁልፍ መብራት ለመሥራት ከታቀደ ዓመታት አልፈዋል። የአብዛኛው ወጪ ከፌዴራል መንግሥት ይመጣል፤ ግንባታው በ2022 በጋ ነው። በሚቀጥለው እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ላይ ጭንብል አድርገን፣ ተራርቀን አምልከን ስናበቃ እትዬን ያዝኳቸውና በፕሮግራሙ ወረቀት ጀርባ ላይ ቀስት በቀስት እየሣልኩ ማስረዳት ጀመርኩ።

"መኪና ያለው ሰው ጋዝ ሲቀዳ በየጋሎኑ ቀረጥ ይከፍላል" አልኳቸው። "ያ ገንዘብ ዋሽንግተን ይሄዳል። እዚያ ኮንግረሱ በሕግ ለየስቴቱ ያካፍለዋል። ስቴቱ ደግሞ ከድርሻው የተወሰነውን ለዚህ አካባቢ ከተሞች ይሰጣል። የከተሞቹ ተወካዮች በጋራ ይቀመጡና የትኛው መንገድ እንደሚቀድም ይመርጣሉ፤ ዝርዝራቸው ውስጥ ያልገባ መንገድ አንድ ሳንቲም አያገኝም። የእኛ ገብቷል!"

እትዬ ቀስቶቹን በጣታቸው ተከተሉ። "ጋዙ የሚቀዳው እዚህ ሞርስ ሮድ?"

"አዎ።"

"ገንዘቡም የሚመለሰው እዚሁ?"

"አዎ።"

"ታዲያ ዋሽንግተን ምን ሊሠራ ሄደ? ሊጎበኝ?"

እንዲህ ዓይነት ተማሪ አጋጥሞኝ አያውቅም። ስለ መንግሥት እርከኖች ሰፋ አድርጌ አብራራሁላቸው። እርሳቸው ግን ሌላ ነገር ገብቷቸዋል። "እኔ እኮ መኪና የለኝም፤ ጋዝ አልቀዳም" አሉ። "ለእኔ መብራት የሚከፍሉት እነዚህ የሚሮጡብኝ ናቸው ማለት ነው?"

"በአንድ በኩል፣ አዎ።"

ወደ መንገዱ ዞረው የሚከንፉትን መኪኖች በአዲስ ዓይን ተመለከቷቸው። "ተያቸው እንግዲህ፣ ይሩጡ" አሉ።

ለልጃቸውም ያንኑ አስረዳኋት። ልጃቸው እዚህ ያደገች፣ ነገር በቀነ ገደብ የምትይዝ ሴት ናት። "ኦኬ" አለችኝ። "የማም የአፓርትመንት ሊዝ በ2022 መከር ያልቃል። መብራቱ በዚያን ጊዜ እዛ ከሌለ፣ ኖ ሞር ኤክስኪውዝስ። ትመጣለች።" እትዬ እሺ አሉ። ለማንኛውም ብላ ልጅቷ አንድ ትልቅ ቀይ ሻንጣ በፖስታ ላከች። ሻንጣው የእትዬ ሳሎን በር ጥግ ቆመ። "ስበላ ያየኛል" ይሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዓመት እንዴት ልግለጸው? መንግሥት አልተኛም። ይልቁንም ሁሉም ሰው እጅግ በትጋት ሲሠራ ቆየ፤ መንገዱ ላይ ግን አንዲት አካፋ አልወረደችም። በዙም የሕዝብ አስተያየት መስጫ ስብሰባ ተጠራ፤ ተገኝቼ ተናገርኩ፤ ማይኬ ተዘግቶ ስለነበር ደግሜ ተናገርኩ። ከቤተ ክርስቲያናችን ወንድሞች አንዱ፣ የኮንክሪት ሥራ የሚሠራ፣ ትዕግሥቱ አልቆ "ለምን እኛ ወንዶቹ ቅዳሜ ተሰብስበን አናፈስሰውም? ግማሽ ቀን ነው" አለኝ። እንዳይነካው ለመንኩት። ፌዴራል ገንዘብ ቀድሞ አይሰጥም፤ ከተማው ከራሱ ያወጣና ደረሰኝ አቅርቦ ይጠይቃል። በጽሑፍ "ጀምሩ" ሳይባል የተጀመረ ሥራ ደግሞ ደረሰኙ ወርቅ ቢሆን አይመለስለትም። "ማለት" አለ ወንድማችን፣ "ፈጥነህ ከሠራህ ትቀጣለህ?" ባጭሩ አዎ ማለት ስለነበረብኝ በረጅሙ አብራራሁለት።

ከዚያ የአካባቢ ጥናቱ መጣ። ቤተ ክርስቲያናችን ከመንገዱ ጋር በሚዋሰንበት ቦታ ላይ ጥቂት ያረጁ ዛፎች አሉ። በዚህ አገር ቁጥራቸው እየተመናመነ የመጡ የሌሊት ወፎች በጋውን በእንዲህ ዓይነት ዛፍ ቅርፊት ሥር ሊያሳልፉ ይችላሉ፤ ስለዚህ ዛፎቹ የሚቆረጡት በብርዱ ወራት ብቻ ነው። ጸደይ ከገባ መጋዝ አይነሣም፤ እስከሚቀጥለው ብርድ ይጠበቃል።

"ለሌሊት ወፏ ጥናት ተደረገላት?" አሉ እትዬ።

"ተደረገላት።"

"ለእኔስ?"

"የእርስዎ ቁጥር እኮ አልተመናመነም፣ እትዬ።"

ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን በጣታቸው ቆጠሩ፤ እኔም ከእርሳቸው ጋር ቆጠርኩ። ዛፎቹ በመጪው ብርድ ካልተቆረጡ ሥራው አንድ ዓመት ይገፋል፤ አንድ ዓመት ከተገፋ ሊዙ ቀድሞ ያልቃል፤ ሊዙ ካለቀ ቀዩ ሻንጣ ይነሣል።

ይህ ሁሉ ግን ለስለስ ያለ መንገድ ነበር፤ እኛ ገና እጃችንን አላስገባንበትም።

የእግረኛው መንገድ በቤተ ክርስቲያናችን ፊት ለፊት ለማለፍ ከግቢያችን አንድ ቀጭን ቁራጭ መሬት ያስፈልገው ነበር፤ ዛፎቹ ያሉበትን። በ2021 መስከረም ከተማው የቀጠራት አንዲት ሴት፣ ቢጫ ሰደርያ የለበሰች፣ ፎልደር የያዘች፣ በጣም ትሑት፣ መጥታ ጋሼን አነጋገረች። ጋሼ የሽማግሌዎቻችን ሰብሳቢ ናቸው። ዳውንታውን አንድ የፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ሱፐርቫይዘር ስለሆኑ መንገድን የሚመለከት ነገር ሁሉ ለእርሳቸው እንደሚቀርብ ያምናሉ። እኔ አልነበርኩም፤ የሆነውን እርሳቸው ራሳቸው ከአምልኮ በኋላ በኩራት ተረኩልን።

"የመሬቱን ዋጋ አስገምተን አምጥተናል አለችኝ። ወረቀት ዘረጋችልኝ። እኔ ቁጥሩን እንኳ አላየሁትም! ደረቴ ላይ እጄን አድርጌ፣ ጎንበስ ብዬ፣ 'ኖ፣ ኖ፣ ኖ! ፕሊስ! ኢት ኢዝ ናቲንግ!' አልኳት።"

"እሷስ?" አልን።

"ደነገጠች። እንዲህ ዓይነት ሰው አይታ አታውቅማ! 'ኦፈሩን ዲክላይን እያደረጉ ነው?' አለችኝ። 'የስ፣ የስ! ዲክላይን!' አልኳት። አመስግናኝ ሄደች።"

ሁላችንም "ተባረኩ ጋሼ" አልን። ክርስቲያን እንዲህ ነው የሚሰጠው።

ኅዳር ላይ ደብዳቤ መጣ። ሽማግሌዎቹ እንዳነብላቸው ጠሩኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ማሞቂያ ያን ሰሞን ሞቶ ስለነበር ሁሉም ካፖርታቸውን እንደለበሱ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ደብዳቤው በጥሩ አነጋገር የተጻፈ ነው፤ የቀረበላችሁን ዋጋ እንዳልተቀበላችሁ ተረድተናል፤ ስምምነት ላይ ለመድረስ በራችን ክፍት ነው፤ ካልተቻለ ግን ከተማው መሬቱን በፍርድ ቤት በኩል ለመውሰድ ይገደዳል ይላል።

ጋሼ ተነሡ። "በነፃ ሰጥተናቸው ይከሱናል?"

"ጋሼ፣ በነፃ እንደሰጧት አልገባትም። ዋጋው አነሰን ብለው እምቢ ያሉ ነው የመሰላት።"

"ጎንበስ ብዬ እኮ ነው ያልኳት!"

እንግዲህ ለእኔ የተፈጠረች ሰዓት መጣች። ተነሥቼ ሕጉን አስረዳሁ። ድሮ መንግሥት መንገድ ሊያወጣ ሲፈልግ የድሃ ቤት ላይ ቀይ መስመር አስምሮ፣ ሲፈልግ ትንሽ ሰጥቶ፣ ሲፈልግ አስፈራርቶ ያስነሣ ነበር። ስለዚህ ሕግ ወጣ፤ ፌዴራል ገንዘብ ያለበት መንገድ ሁሉ ባለመሬቱ ተገቢው ዋጋ በጽሑፍ ይቀርብለታል፣ ለማሰብ ጊዜ ይሰጠዋል፣ ማንም እንዳይጫነው ይጠበቃል። መስጠት የፈለገ ሰው መስጠት ይችላል፤ ግን ዋጋ እንደሚገባው ተነግሮት፣ አውቆ መተዉን መፈረም አለበት። "ሕጉ እኛን ለመጠበቅ ነው" ብዬ ደመደምኩ።

"እኛን ለመጠበቅ ነው የሚከሱን?" አሉ ጋሼ።

"ጋሼ፣ ሁለት መንገድ አለ። ወይ ዋጋውን ተቀብለው ይፈርማሉ፣ ወይ ትቼዋለሁ ብለው ይፈርማሉ።"

"'ገንዘብ እንደሚገባኝ አውቃለሁ፣ ግን ትቼላችኋለሁ' ብዬ ልፈርም?" ጋሼ ወደ ሌሎቹ ዞሩ። "ይሄ ስጦታ ነው ወይስ ውለታ ማስቆጠር? እንግዳ ቤትህ አብልተህ 'የዶሮዋን ዋጋ ባውቅም አላስከፈልኩም' ብለህ ታስፈርመዋለህ?"

እኔ የማስተምርበት መጽሐፍ ውስጥ ስለ ዶሮ የተባለ ነገር የለም።

ገንዘብ ያዡ ጉሮሮውን ጠረገና እጆቹን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ እያሻሸ "ብንቀበል ደግሞ… እንግዲህ ማሞቂያውም…" አለ። ንግግሩን አልጨረሰም። ሁሉም ወደ ሞተው ማሞቂያ ተመለከተ፤ ሁሉም ወዲያው ዓይኑን ሰበረ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ክፍሉ ውስጥ ገንዘቡን የማይፈልግ ሰው አልነበረም። ጋሼ ቀስ ብለው የልባቸውን ተናገሩት።

"አንዴ ብቻ እኮ ነው የጠየቀችኝ።"

"እና?"

"እና ምን? አንዴ ተጠይቄ እሺ ልበል? ምን ያሰኘናል?"

በማግስቱ ባለ ቢጫ ሰደርያዋ ጋ ደወልኩ። መግደርደር ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ አስረዳኋት፤ በሕይወቴ ካስረዳሁት ሁሉ ከባዱ ይህ ነበር። በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው እምቢታ ሰላምታ ነው አልኳት። ሁለተኛው ጨዋነት ነው። ንግግሩ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። በጽሞና ሰማችኝ፤ ወረቀት ላይ ስትጽፍም ይሰማኝ ነበር።

"እውነተኛው እምቢታ ስንተኛው ላይ ነው?" አለች።

"እሱን እኛም አናውቀውም።"

"እና ምን ላድርግ?"

"ደግመሽ ጠይቂያቸው። ጠንከር አድርገሽ። ያዝ አድርገሽ።"

"እሱማ አይፈቀድልኝም" አለችኝ በሐዘን። "ባለመሬት እምቢ ካለ መጫን ክልክል ነው። ሕጉ እናንተን ለመጠበቅ ነው።"

እዚህ ላይ ለአንድ አፍታ የማስረዳው ነገር አለቀብኝ። ለአንደኛው ወገን ሳይለመን እሺ ማለት ነውር ነው፤ ለሌላኛው ወገን መለመን በሕግ የተከለከለ ነው። በመሐሉ ጥቂት ዛፎች ቆመዋል፤ ዛፎቹ ላይ ምናልባት አንዲት የሌሊት ወፍ፤ ከሌሊት ወፏ ማዶ ደግሞ እትዬ ፌስታላቸውን ይዘው።

"ከጋበዛችሁኝ ግን" አለች ሴትዮዋ፣ "መጥቼ ያንኑ ወረቀት ልሰጣችሁ እችላለሁ። ግብዣ ጫና አይደለም።"

ታኅሣሥ ላይ አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ምሳ ተዘጋጀ። ማሞቂያው እንደሞተ ስለነበር ከየቤቱ የመጡ ትንንሽ ሂተሮች በየጥጉ ተተክለዋል። ሴትዮዋ ሰደርያዋን ካፖርቷ ላይ ደርባ መጣች። ጋሼ እስከ በሩ ወጥተው ተቀበሏት፤ በቀኛቸው አስቀመጧት፤ ጥብስ፣ ጎመንና አይብ የተቆለለበት ሰሐን በገዛ እጃቸው አመጡላት።

"ኦ፣ ቴንክ ዩ፣ ግን አልችልም" አለች።

ጋሼ ፊታቸው በራ። የሚያውቁት ቋንቋ ነበር። "ፕሊስ፣ ፕሊስ! ኢት!"

"በእውነት አልችልም። ሥራዬ ከባለመሬት ምንም እንድቀበል አይፈቅድልኝም።"

"ትንሽ ብቻ! ስሞል!"

"አልችልም። አዝናለሁ።" ውሃ ግን ይፈቀድላት እንደሆነ ጠየቅኳት። ውሃ ይፈቀዳል። ውሃ ሰጠናት።

የጋሼ ፊት ጠቆረ። ሰሐኑን ይዘው ከወንበሯ ፈንጠር አሉና በአማርኛ "አያችኋት?" አሉ። "ቤታችን ድረስ መጥታ እንዲህ ታዋርደን? ከነጨዋነቷ!" ልጆቹ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተኮልኩለው ያዩ ነበር፤ አንዷ ለሌላዋ "ኢት ኢዝ ጀስት ፉድ" ስትላት ሰማሁ።

እትዬ እስከዚያ ድረስ እጃቸውን ሂተሩ ላይ እያሞቁ ነበር። ዞር ብለው "አንተ፣ ምን ሆነህ ነው ፊትህ እንዲህ የጠቆረው?" አሉ። ጋሼን አንተ የሚሏቸው በቤተ ክርስቲያናችን እርሳቸው ብቻ ናቸው።

"አላዩም እንዴ እትዬ? እምቢ አለችኝ እኮ!"

"እምቢ ስላለችህ ከፋህ?"

"እንዴት አይከፋኝም? ከልቤ ነው የሰጠኋት!"

"እሷም መስከረም ላይ ከልቧ ነበር የሰጠችህ።"

እትዬ ተነሥተው ሰሐኑን ከጋሼ እጅ ወሰዱት።

"ስማኝ" አሉ። "ልጄ ሻንጣ ልካልኛለች። ሳሎኔ ቆሟል። እነዚያ ዛፎች ጸደይ ሳይገባ ካልወደቁ እኔ ሻንጣዬን ይዤ እሄዳለሁ፤ አንተ ከዛፎችህ ጋር ትቀራለህ። ሰው አንዴ ብቻ ጠየቀኝ ትላለህ አሉ። ይኸው እኔ ሁለተኛዋ ነኝ፤ ካነሰህም ሦስተኛም ነኝ። በሞቴ፣ ተቀበል።"

ጋሼ ወለሉን አዩ። ትከሻቸውን ሰበቁ። ከዚያ፣ እድሜ ልካቸውን ሲጠብቁት የኖሩት ነገር የደረሰላቸው ይመስል፣ ረጅም ትንፋሽ ለቀቁ። "እንግዲህ እትዬ እንዲህ ካሉ…" አሉና ወደ ሴትዮዋ ዞሩ። "ኦኬ። ዊ አክሴፕት።"

ሴትዮዋ ምን እንደተባለ አንድ ቃል ባይገባትም ፎልደሯን ቶሎ ከፈተች። ግን ሕግ ነውና መጀመሪያ መጠየቅ ነበረባት። "ለማረጋገጥ ያህል፤ ይህን የሚፈርሙት ማንም ጫና ሳያደርግብዎ፣ በራስዎ ፈቃድ ነው?"

ጋሼ እትዬን ቀና ብለው አዩ። እትዬ ሰሐኑን እንደያዙ ከፊታቸው ቆመዋል።

"ኖ ፕሬዠር" አሉ ጋሼ።

ሌሎቹ ፈራሚ ሽማግሌዎችም እዚያው ተሰለፉ። ማንም ሁለተኛ አልተለመነም።

መጋቢት ላይ ዛፎቹ ወደቁ፤ የሌሊት ወፍ አላየንም። ገንዘቡ መጣና ማሞቂያው ተሠራ፤ በጸደይ፣ ልክ በማያስፈልገን ሰዓት። በጋውን ኮንትራክተሩ መንገዱን ቆፍሮ የእግረኛውን መንገድ አፈሰሰ፤ ለዊልቸር የሚሆነው መውረጃ ሁሉ በሴንቲሜትር ተለክቶ ተሠራ። ያም አምሮ መጣና በግቢያችን ወሰን ላይ በቢላዋ የተቆረጠ ይመስል ቀጥ አለ፤ ከዚያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ያለው ጭቃ በዕቅዱ ውስጥ የለም። በተረፈችው ገንዘብ ያ ኮንክሪት ሠሪ ወንድማችን ወንዶቹን ሰብስቦ ቅዳሜ ጠዋት ጀምሮ ከምሳ በፊት ጨረሰው። የአካባቢ ጥናት እንዳልተደረገ ልነግረው አስቤ ነበር፤ አካፋ አስያዘኝ።

ቀሪው መብራቱ ነበር። የፌዴራል ገንዘብ ስላለበት የምሰሶው ብረት አሜሪካ ውስጥ የቀለጠ መሆን አለበት፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ከየትም የቀለጠ ብረት በሰዓቱ አይደርስም ነበር። ነሐሴ አለፈ። እትዬ የሊዝ ቢሮው በላከላቸው የማሳደሻ ወረቀት ላይ አልፈረሙም፤ አልተዉትምም። ልጃቸው በየሳምንቱ ኮል ታደርጋለች። "ማም፣ ኢዝ ኢት ዜር?" መስከረም ሲጋመስ ምሰሶው ተተከለ፤ መብራቱ ግን ጥቁር ፕላስቲክ ተከናንቦ ቆመ። ካሜራ እንዳጠፋ ተማሪ። እትዬ ከሥሩ ቆመው እንደበፊቱ በሩጫ ይሻገሩ ነበር።

ሊዙ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ ፕላስቲኩ የለም።

እትዬ ወዲያው ልጃቸው ጋ በቪዲዮ ደወሉና ስልኩን ወደ ምሰሶው ዘረጉ። እትዬ፣ ጋሼና እኔ አዲሱ ኮንክሪት ጫፍ ላይ ተሰለፍን። እትዬ ቁልፉን ተጫኑ። ጥቂት ጠበቅን። ከዚያ አምስቱም ሌን ቆመ። ያ ሁሉ መኪና፣ ያ ሁሉ ቫን፣ በአንዲት ሴት ጣት ጸጥ ብሎ ቆመ፤ ነጩ የእግረኛ ምስልም ወጣ።

"ይቅደሙ እትዬ" አሉ ጋሼ በእጃቸው መንገዱን እያሳዩ።

"ኧረ አንተ ቅደም፤ መሬቱን የሰጠኸው አንተ ነህ።"

"እንዴት ተደርጎ! ለእርስዎ አይደል የተሠራው?"

"እንግዲያው መምህርቷ ትቅደም፤ ስንት አስተማረችን።"

"እኔ? ከእርስዎ ፊት? በፍጹም!" አልኩ። ማለትም ነበረብኝ።

"ቅደሚ አልኩሽ!"

"ኧረ ጋሼ ይቅደሙ…"

"ማም!" አለች ልጃቸው ከስልኩ ውስጥ። "ማም፣ ጀስት ጎ!"

መብራቱ ላይ እየቀነሰ የሚቆጥረው ቁጥር ዜሮ ገባ። 'አትሻገሩ' የሚለው ቀዩ መዳፍ ወጣ። መኪኖቹ፣ ማንም ባልተሻገረበት ዜብራ ላይ፣ ግራ እየተጋቡ አለፉ፤ አንዱ ሾፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በደንብ አየን።

እትዬ ስልኩን ወደ ራሳቸው መለሱ። "አየሽው? ቆመውልኛል" አሏት። "ሊዙን ነገ እፈርማለሁ። ሻንጣሽን ብርድ ልብስ አስቀምጥበታለሁ።" ከዚያ ቁልፉን ደግመው ተጫኑት። መብራቱ አልተቆጣም፤ ውድቅ አድርጋችኋል የሚል ደብዳቤም አልጻፈልንም። ትንሽ ቆይቶ ነጩን ምስል እንደገና አወጣልን።

በዚህኛው እትዬ የሁለታችንንም ክንድ ያዙና ጎትተው አሻገሩን።